ዩኒቨርሲቲው ለጎረቤቶቹ ምን ያደርግላቸው?

(በተማሪዎች ኅብረት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከስድስት ኪሎ ግቢ በር ወጥቶ ወደ እንጦጦ ሽቅብ የሚራመድ ሰው የአሜሪካን ኤምባሲ አልፎ ብዙም ሳይደክም ሽሮ ሜዳ ይደርሳል። ሽሮ ሜዳ ከጋሞ ደጋ አገር የመጡ ሸማኔዎችና ልጆቻቸው ለብዙ ዘመን የሠሩበት፣ አዲስ አበባም ለዓመት በዓል፣ ለሠርግና ለክርስትና የሚለበሰውን ቀሚስና ኩታ የሸመተችበት ሰፈር ነው። በመንገዱ አንደኛ ጫፍ የንግድ ሥራ፣ የሕግ፣ የሒሳብና የማኅበራዊ ኑሮ ሊቃውንትን የሰበሰበ ዩኒቨርሲቲ አለ። በሌላው ጫፍ በእጁና በእግሩ የሚሠራ፣ የሥራውን ዋጋ ግን ራሱ የማይወስን ባለሙያ አለ። ሁለቱን የሚለያቸው ዳገት አጭር ነው። ዛሬ በፊታችሁ ቆመን የምንናገረውም ስለዚሁ አጭር ዳገት ነው።

ዩኒቨርሲቲ በአካባቢው ያሉትን ትንንሽ የንግድ ቤቶችና ትርፍ የማይፈልጉ ማኅበራትን ይረዳል ሲባል ብዙ ጊዜ ወደ አሳባችን የሚመጣው ሥልጠና ነው። አዳራሽ ይያዛል፤ በጨርቅ ላይ የተጻፈ መፈክር ይሰቀላል፤ ሦስት ቀን ሙሉ ስለ ሥራ ፈጠራ ይነገራል፤ በመጨረሻም የምስክር ወረቀት ታድሎ ፎቶግራፍ ይነሣል። ይህን የምንለው ሥልጠናን ለመንቀፍ አይደለም፤ ከሥልጠና የተጠቀመ ሰው ሞልቷል። ነገር ግን በሥልጠናው ጊዜ ተናጋሪው ዩኒቨርሲቲው ነው፤ አድማጩም ጎረቤቱ ነው። እኛ የምናቀርበው አሳብ ይህ ተራ ይገልበጥ የሚል ነው። ጎረቤቱ ጥያቄውን ያምጣ፤ ዩኒቨርሲቲው ያዳምጥ፤ ተማሪው ጥያቄውን የትምህርቱ ክፍል አድርጎ ይሥራበት፤ መልሱም ጠያቂው በሚያውቀው ቋንቋ ተጽፎ ወደ ጠያቂው እጅ ይመለስ።

ነገሩ ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ1940ዎቹ አጋማሽ በደምቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተማሪዎቹን በክፍል ውስጥ ብቻ አላስተማረም። የጤና መኮንኑ፣ የማኅበረሰብ ነርሷና የአካባቢ ጤና ባለሙያው አንድ ቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያ እየወጡ፣ ሥራውን በዚያው በሥራው ቦታ ይማሩ ነበር። የትምህርቱን ዝርዝር ያወጣው መምህሩ ብቻ ሳይሆን ወባውም ጭምር ነበር ለማለት ይቻላል።

በኦክላሆማ ኮሌጅ ርዳታ የተቋቋመው የዓለማያ የእርሻ ኮሌጅም ትምህርትን፣ ምርምርንና የእርሻ ኤክስቴንሽንን በአንድነት ይዞ ነበር የተነሣው። በ1955 ዓ.ም. የኤክስቴንሽኑ ሥራ ወደ እርሻ ሚኒስቴር ተዛወረ። ለአስተዳደር የተመቸ አሠራር ሊሆን ይችላል፤ በእኛ አስተያየት ግን ከገበሬው ማሳ እስከ መምህሩ ጠረጴዛ ያለው መንገድ የረዘመው በዚያን ጊዜ ነው።

ከዚያም በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት መጣ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት አንድ የትምህርት ዓመት ወደየጠቅላይ ግዛቱ ወጥቶ እንዲያገለግል ተደረገ፤ አብዛኞቹም አስተማሪ ሆነው ሠሩ። ስለዚህ አገልግሎት ብዙ ተብሏል፤ ዛሬ እዚህ የምናነሣው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም የጊዜው ርዝመት። በአንድ ዓመት ውስጥ ሰው የጎረቤቱን ስም ያውቃል፤ ክረምቱንም በጋውንም ያያል። በሦስት ቀን ይህ አይሆንም። በጅማም ከ1970ዎቹ አጋማሽ፣ ከጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ጊዜ ጀምሮ፣ ማኅበረሰብን መሠረት ያደረገ ትምህርት የሚባለው ዘዴ የዩኒቨርሲቲው መለያ ሆኗል። በዚያ ተማሪው ወደ ሕዝቡ የሚወጣው ጊዜ ሲተርፈው ሳይሆን፣ ውጤት የሚያዝበት ትምህርት ስለ ሆነ ነው።

ከውጭ አገር ምሳሌ የሚፈልግ ቢኖር ሆላንድን እንጠቅሳለን። በዚያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ ዓመታት «የሳይንስ ሱቅ» የሚባል ቢሮ በየዩኒቨርሲቲው ተከፈተ። ስሙ ሱቅ ይሁን እንጂ የሚሸጥ ነገር የለውም። ገንዘብ የሌለው ማኅበር ጥያቄውን ይዞ ይመጣል፤ ለጥያቄው የሚስማማ ተማሪና መምህር ይፈለግለታል። ከጠያቂው የሚፈለገው ለጥናቱ ለመክፈል የማይችል መሆኑ፣ በመልሱ ለመነገድ የማያስብ መሆኑ፣ መልሱንም ባገኘ ጊዜ ሊሠራበት የሚችል መሆኑ ነው። የመጨረሻው ነገር በጣም ደስ ያሰኘናል፤ በመደርደሪያ ላይ ለሚተኛ ወረቀት የሚደክም ሰው እንዳይኖር ያደርጋልና። ሁለተኛው ግን ለሽሮ ሜዳ አይሆንም፤ ሸማኔው የሠራውን ሸጦ የሚያድር ሰው ነው። ስለዚህ ለእኛ አገር ሲሆን «በእጁ ሥራ የሚኖር፣ ለአማካሪ የሚከፍለው የሌለው» ብለን እንለውጠዋለን።

እንግዲህ ሸማኔው ምን ዓይነት ጥያቄ ያመጣል? ድሩ ብዙ ጊዜ ከፋብሪካ የሚወጣ ክር ነው፤ ማጉ ሴቶች በእንዝርት የፈተሉት ነው፤ ጥበቡን በጣቱ እየቆጠረ ያስገባዋል። ክሩን በዱቤ የሰጠው ነጋዴ ከሆነ ጨርቁን የሚረከበውም ያው ነጋዴ ይሆናል። እስኪ እንቁጠር፤ ቁጥሩ አሳባችንን ለመግለጽ የተደረደረ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደለም። ቀለል ያለ ጥበብ ያለው ቀሚስ 3,000 ብር ተሸጠ፤ ክሩ 1,400 ብር ፈጀ፤ ሥራው 8 ቀን ወሰደ እንበል። የቀረው 1,600 ብር ለ8 ቀን ሲካፈል በቀን 200 ብር ይሆናል። ነጋዴው «ጥበቡ ይብዛልኝ፤ 300 ብር እጨምርልሃለሁ» አለ። ክሩ ያው ቢሆን እንኳ ሥራው 11 ቀን ወሰደ። አሁን 1,900 ብር ለ11 ቀን ሲካፈል በቀን 173 ብር አይሞላም። ሸማኔው በሙያው በተራቀቀ መጠን የቀን ገቢው ቀነሰ ማለት ነው። የቀኑን 200 ብር ለማቆየት ጭማሪው 600 ብር መሆን ነበረበት።

ሸማኔው ይህን አያውቅም ማለታችን አይደለም፤ ጀርባው ያውቀዋል። ያጣው ነገር ወረቀት ላይ አስፍሮ ለነጋዴው የሚያሳየው ሒሳብ ነው። የወጪ ሒሳብ የሚማር የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ግን ይህን በአንድ ከሰዓት በኋላ ይሠራዋል፤ ከዚያም በላይ፣ ለእያንዳንዱ ዓይነት ጥበብ የቀን ሒሳብ የሚያዝበት ቀላል መዝገብ ሊያወጣለት ይችላል። ተማሪውም ቢሆን ከመጽሐፉ ውስጥ ስለ ውጭ አገር የብስክሌት ፋብሪካ ከሚሠራው መልመጃ ይልቅ ከዚህ የሚማረው ይበልጣል ብለን እናምናለን።

ሌላም ጥያቄ ይመጣል። «ያወጣሁት ጥበብ ወር ሳይሞላው በማሽን ታትሞ ሲሸጥ አየሁት፤ ሕግ የለም ወይ?» ሕግ አለ። አዋጅ ቁጥር 123/1987 አዲስ የኢንዱስትሪ ንድፍ ላስመዘገበ ሰው ጥበቃ ይሰጣል፤ ጥበቃው ለ5 ዓመት ሆኖ ሊታደስ ይችላል። የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 ደግሞ አንድ ማኅበር ለአባሎቹ የጋራ ምልክት እንዲያስመዘግብ ይፈቅዳል። እዚህ ላይ የሕግ ተማሪው ደስ የማያሰኝ እውነትም መናገር ይኖርበታል። ከአያት የወረደ ጥበብ አዲስ አይደለምና አንድ ሰው የእኔ ነው ብሎ ሊያስመዘግበው አይችልም። አዲስ ያወጣውን ንድፍ ግን ሊያስመዘግብ ይችላል፤ የሰፈሩም ማኅበር በእጅ ለተሠራው ልብስ ሁሉ አንድ ምልክት ሊያወጣ ይችላል። የሲዳሞን፣ የሐረርንና የይርጋ ጨፌን ቡና ስም በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የተደረገው ክርክር እንዳሳየው፣ ስም ገንዘብ ነው። ማመልከቻውን መጻፍ፣ ቅጹን መሙላት፣ ሸማኔውን እስከ መሥሪያ ቤቱ ድረስ ማጀብ ግን ሰው ይፈልጋል፤ የሕግ ትምህርት ቤት ደግሞ ሰው አለው።

በነገራችን ላይ በግቢያችን ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የየብሔረሰቡን የባህል ዕቃና ልብስ ሰብስቦ ይዟል። በወር አንድ ቀን ጠዋት ሙዚየሙ ለሸማኔዎች ያለ ክፍያ ቢከፈትና አንድ አዋቂ ቢያስጎበኛቸው፣ አሮጌው ጥበብ ለአዲሱ አሳብ ይሰጠው ነበር። ይህን ለማድረግ በጀት እንኳ አያስፈልግም።

አሁን ወደ ዋናው ችግር ደረስን፤ እሱም ቋንቋው ነው። የአገር ውስጥ ቋንቋዎችን ክፍል ሳንቆጥር፣ በዩኒቨርሲቲ የምንማረው በእንግሊዝኛ ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፍም የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ስለ ሽሮ ሜዳ እጅግ ያማረ ጥናት ቢጻፍ፣ መምህሩ ያነበዋል፣ ቤተ መጻሕፍቱ ያስቀምጠዋል፣ ሸማኔው ግን ስለ ራሱ የተባለውን አያነበውም። አንድ ተማሪ መጠይቁን ይዞ «ጋሼ፣ እባክዎ ይህን ይሙሉልኝ» ቢል፣ ሽማግሌውም «ልጄ፣ አምናም አንዱ አስሞልቶኝ ነበር፤ ለመሆኑ መልሱ ምን አለ?» ብለው ቢጠይቁት፣ ምን ይመልሳል? ተመርቆ ሄደ ይበላቸው?

ስለዚህ ከእያንዳንዱ ጥናት ጋር አራት ገጽ የሚሆን የአማርኛ ጽሑፍ፣ ጠያቂው በጋሞኛ ቢመርጥም በጋሞኛ፣ አብሮ እንዲቀርብ እንጠይቃለን። ለማያነብ ሰውም ተማሪው ራሱ ሄዶ ያንብብለት፤ ጥያቄም ቢነሣ ይመልስ። ይህ ለጎረቤቱ ብቻ የሚደረግ ውለታ አይመስለን። «ዲፕሪሲዬሽን» የሚለውን ቃል ለፈተና በቃሉ የያዘ ተማሪ ብዙ ነው፤ ለሸማኔው ግን «ይህ የሽመና ዕቃህ በየዓመቱ ያረጃል፤ ከእያንዳንዱ ቀሚስ ለመተኪያው ትንሽ ካላስቀመጥህ ዕቃህን ቀስ በቀስ እየበላኸው ነው» ብሎ ማስረዳት ያልቻለ ሰው ነገሩን ገና አላወቀውም። በአማርኛ ለማስረዳት ሲሞክር ያልገባው ነገር ሁሉ ይገለጥበታል። አንዳንድ መምህራን የአማርኛው ጽሑፍ የትምህርቱን ደረጃ ዝቅ ያደርጋል ይሉ ይሆናል፤ እኛ ግን ከፈተና ይልቅ የሚከብድ ይመስለናል።

ትርፍ ስለማይፈልጉ ማኅበራት ስናወራ በር ላይ ሰሌዳ የሰቀለውና ምልክት የተጻፈበት መኪና ያለው ድርጅት ብቻ ይታየናል። በአዲስ አበባ ግን ከሁሉ ይልቅ በየቤቱ የሚታወቀው ማኅበር እድር ነው። ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፤ ድንኳንና ወንበር፣ ድስትና ምጣድ አለው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እድርን አይመለከትም፤ እድር በራሱ ደንብና በአባሎቹ መተማመን የሚሄድ ነው። ጥያቄውም ቀላል አይደለም። ወርኃዊው መዋጮ ስንት ቢሆን ነው በአንድ ክረምት ሦስት አራት ቀብር ቢደራረብ ሣጥኑ ባዶ የማይሆነው? አባሎቹ እያረጁ፣ ልጆቻቸውም ወደ ሩቅ ሰፈር እየሄዱ ባሉበት እድር መዋጮው በየስንት ዓመቱ ይታይ? ይህ የስታቲስቲክስ ተማሪ ሥራ ነው፤ የእድሩ ጸሐፊ የያዙት የብዙ ዓመት መዝገብም በየትም አገር የማይገኝ መረጃ ነው። ሰፈሩ ለልማት ሲነሣና አባሎቹ ወደየኮንዶሚኒየሙ ሲበተኑስ የእድሩ ንብረት እንዴት ይከፈል? ይህ ደግሞ የሕግ ተማሪ ነው። በዚህ ነገር የሚቆረቆር ተማሪ አስቀድሞ መማር ያለበት አንድ ትምህርት ቢኖር የእድር ስብሰባ ላይ ዝም ብሎ መቀመጥ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ሳይጨርሱ አይናገርም።

ሌሎቹንም ማኅበራት አንረሳም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 በመብት ጉዳይ የሚሠሩ የአገር ውስጥ ማኅበራት ከውጭ የሚያገኙት ገንዘብ ከመቶ 10 እንዳይበልጥ ባደረገ ጊዜ፣ ብዙዎቹ ሥራቸውን ቀነሱ ወይም ተዉ። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. እስኪሻር ድረስ በነበሩት ዓመታት፣ በየክልሉ ያሉ የዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤቶች በነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከሎቻቸው ለድሃ ባለጉዳይ አቤቱታ ይጽፉ ነበር። የገንዘብ ምንጭ ሲደርቅ የሚቀር ተቋም ያስፈልጋል የምንለው በዚህ ምክንያት ነው። ዩኒቨርሲቲ ፕሮጀክቱ አለቀ ብሎ ከሰፈር አይነሣም።

ስለ ግዥም ጥቂት እንበል። ዩኒቨርሲቲ መካሪ ብቻ አይደለም፤ ገዢም ነው። እንጀራ፣ ሽሮና በርበሬ፣ ወንበርና የጽሕፈት ወረቀት በብዛት ይገዛል፤ የመንግሥት የግዥ ሕግም ለጥቃቅንና አነስተኛ ድርጅቶች ልዩ አስተያየት ያደርጋል። በምረቃ ቀን በየካባው ላይ ለሚደረገው ጨርቅ ጥለቱ ከሽሮ ሜዳ ቢሸመን ብለን ስናስብ ደስ ይለናል። ነገር ግን ትእዛዙን መስጠት ግማሹ ነው፤ ሌላው ግማሽ መክፈል ነው። ትልቅ ነጋዴ ክፍያው ሦስት ወር ቢዘገይበት ያጉረመርማል፤ ሸማኔው ግን የሚቀጥለውን ክር የሚገዛበት ስለሚያጣ ሥራውን ያቆማል። ዕቃው በተረከበ በ15 ቀን የማይከፈል ከሆነ ትእዛዙ ባይሰጥ ይሻላል እስከማለት እንደርሳለን።

ለዚህ አሳብ የሚቀርበውን መቃወሚያ አስቀድመን እናውቃለን። አንዳንዱ «ዩኒቨርሲቲ የርዳታ ድርጅት አይደለም» ይላል። እውነት ነው፤ እኛም ርዳታ እንዲሰጥ ሳይሆን እንዲያስተምር ነው የምንጠይቀው፤ ልዩነቱ ከእውነተኛ ጥያቄ ተነሥቶ ማስተማሩ ብቻ ነው። ሌላው «ተማሪ ተሳስቶ የሰው እንጀራ ቢያበላሽስ?» ይላል። ይህ ከባድ ነው። ስለዚህ መምህር ሳያየውና ሳይፈርምበት ምንም ወረቀት ከግቢ መውጣት የለበትም፤ መምህሩም ለዚህ የሚያጠፋው ጊዜ በማስተማሪያ ሰዓቱ ይቈጠርለት። በነፃ ትሠሩ ማለት ለመምህሩም ለተማሪውም አይበጅም። ሦስተኛው የሒሳብ አዋቂዎችንና የጠበቆችን እንጀራ ትወስዳላችሁ የሚል ነው፤ እነሱ ዘንድ ለመሄድ አቅም ያለውን ጠያቂ ግን እኛ አንቀበልም።

ነገሩን ዛሬ እንድናነሣው ያስገደደን ሌላ ምክንያት አለ። በ2015 ዓ.ም. የራስ ገዝነት አዋጅ ወጥቶ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ራስ ገዝ የሆነ ዩኒቨርሲቲ ገቢውን ራሱ መፈለግ አለበት፤ ለማማከር ሥራም ዋጋ ያወጣል፤ ይህ የሚያስወቅስ አይደለም። ግን ዋጋ በወጣ ጊዜ ባንኩና ትልቁ ድርጅት ከፍለው ይገባሉ፤ ሸማኔውና የእድሩ ጸሐፊ በሩ ላይ ይቀራሉ። ያለ ክፍያ የሚገባበት አንድ ትንሽ በር አሁን በደንብ ተጽፎ ካልተቀመጠ፣ ዋጋው ከተለመደ በኋላ ማስከፈቱ እጅግ የሚያስቸግር ይመስለናል።

ስለዚህ ለሴኔቱ እንዲቀርብ የምንለምነው ይህ ነው። በዋናው በር አጠገብ፣ ጥበቃው መታወቂያ ሳይጠይቅ ሰው ሊገባበት የሚችል አንድ ክፍል ይሰጥ፤ በሳምንት ሁለት ከሰዓት በኋላ ጥያቄ የሚቀበል መምህርና ተማሪ ይቀመጥበት። ከቅዳሜ አንዱ ቢሆን መልካም ነው፤ በሥራ ቀን ሸማኔ ከሥራው አይነሣም። የቀረበው ጥያቄ በመዝገብ ተጽፎ ለየትምህርት ክፍሉ ይላክ፤ ጥያቄውን የሠራ ተማሪም እንደ ማንኛውም የመመረቂያ ጽሑፍ ውጤት ያግኝበት፤ የአማርኛው ቅጂ ለጠያቂው ሳይደርስ ግን ውጤቱ አይመዝገብ። ሊመለስ ያልቻለ ጥያቄም ቢኖር «አልቻልንም» ተብሎ በግልጽ ይነገር እንጂ ሰው አይመላለስ።

ከየትምህርት ክፍሉ አንድ አንድ ፈቃደኛ ተማሪ፣ ከመምህራንም ለመፈረም የሚፈቅዱ፣ ከስብሰባው በኋላ ስማቸውን ለኅብረቱ ጸሐፊ ይስጡልን። በመጪው ቅዳሜ ጠዋት በ3 ሰዓት ከዋናው በር ተነሥተን ወደ ሽሮ ሜዳ እንወጣለን፤ መጠይቅ ይዞ የሚመጣ እንዳይኖር።